«ግሪክና ሮም ለእኛ ምናችን ናቸው?»

ደብዳቤው

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የወረዳ ከተማ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል ታሪክ አስተምራለሁ። ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪዎች አሉኝ፤ መጽሐፍ ለሦስት አንድ ነው የሚደርሳቸው። የጥንት ሥልጣኔዎችን ምዕራፍ ስንጀምር፣ ግብፅ ላይ ጥሩ ነበርን፤ ዓባይ ስላለበት ይመስለኛል ጆሯቸውን ይሰጡኛል። ግሪክና ሮም ላይ ስንደርስ ግን ክፍሉ ቀዘቀዘ። ስሞቹን መጥራት ያቅታቸዋል፣ ዓመቱ ወደ ኋላ ይቆጠራል፣ መጽሐፉም በእንግሊዝኛ ነው። ማስታወሻ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ይገለብጣሉ፣ ደወል ይደወላል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ‹መምህርት፣ ግሪክና ሮም ለእኛ ምናችን ናቸው?› አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። ‹ፈተና ላይ ይመጣል› ብዬ አለፍኩት። እውነቱን ለመናገር ለእኔም ሌላ መልስ አልመጣልኝም። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ከዓመታዊ ዕቅዱ ወደ ኋላ ቀርተሻል ይለኛል። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ ‹ማስታወሻውን ሰጥተሽ ወደ አክሱም እለፊ፤ እሱን ይወዱታል› ብሎ መክሮኛል። ልዝለለው? ወይስ ምን ላድርግ?»

መልሱ

ልጄ፣ አትዝለዪው። ባልደረባሽ የመከረሽ ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የደከመ መምህር ተማሪው ወደሚወደው ነገር ቢሮጥ አይፈረድበትም። ግን ግሪክና ሮምን ዘልለሽ አክሱም ስትደርሺ የንጉሥ ዒዛና ድንጋይ ከነግሪክኛ ጽሑፉ ቆሞ ይጠብቅሻል። ያው ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህርት፣ ይሄ ግሪክኛ እዚህ ምን ይሠራል?» ቢልሽ እንደገና «ፈተና ላይ ይመጣል» ልትዪው ነው?

ክፍሉ መሳቁ አያስከፋሽ። ሁሉም በልቡ የያዘውን ነገር አንዱ ሲያወጣው ነው እንዲህ የሚሳቀው። እኔ ብሆን ጥያቄውን በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ሰሌዳው ላይ ከጻፍሽው የሒሳብ መምህሩ ያጠፋብሻል። ምዕራፉ እስኪያልቅ እዚያው ይቆይ። ልጆቹ በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ እያዩት ይሂዱ።

መልሱን በሚመለከት ከሁለት ነገሮች ተጠንቀቂ። አንደኛው «የዓለም ሥልጣኔ መነሻ ስለሆኑ ነው» የሚለው የመጽሐፍ አነጋገር ነው። ይህ አንቺው ራስሽ ግብፅ ላይ ያስተማርሽውን ያፈርሳል። የጊዛ ፒራሚዶች ከአቴንስ ዲሞክራሲ በ2,000 ዓመት የቀደሙ ናቸው። ግሪኮች ፊደላቸውን የወሰዱት ከፊንቃውያን ነው፤ ይህን የመሰከረው ደግሞ የራሳቸው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ነው። እነርሱ ራሳቸው ያልካዱትን እኛ ስለ እነርሱ የምንክድበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው መልስ ይጣፍጣል፤ ስለዚህም ይበልጥ ያሰጋኛል። «ስለ እኛ በክብር ጽፈዋል» የሚለው ነው። የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ኢትዮጵያውያንን ነቀፋ የሌለባቸው ብሎ መጥራቱ እውነት ነው። ነገር ግን የግሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ስም በአብዛኛው የሚጠሩት ከግብፅ በስተደቡብ የነበረውን የኩሽ አገር፣ በኋላ ዋና ከተማው ሜሮኤ የሆነውን መንግሥት ነው። ሄሮዶቱስ በፋርስ ንጉሥ ሠራዊት ውስጥ የነብርና የአንበሳ ቆዳ ለብሰው፣ ገላቸውን እኩሌታውን በኖራ እኩሌታውን በቀይ ቀለም ተቀብተው ይዘምቱ ነበር ያላቸው ኢትዮጵያውያንም እነዚሁ ከግብፅ በላይ ያሉት ናቸው። ታሪኩን አስተምሪው፤ የሚያምር ታሪክ ነው። ግን በባለቤቱ ስም አስተምሪው። በተውሶ ክብር ያስደሰትሻቸው ልጆች እውነቱን ሌላ ቦታ ያነበቡት ቀን እምነት የሚያጡት በሆሜር ላይ ሳይሆን በአንቺ ላይ ነው።

የእኔ መልስ አንድ አጭርና አንድ ረጅም ክፍል አለው። አጭሩ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ሰሌዳው ላይ ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬ ብለሽ ጻፊ፤ ከሥራቸው የግሪክኛዎቹን አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ፣ ዴልታ አስቀምጪ። ቀጥለሽ ፲ን ከዮታ፣ ፻ን ከሮ አጠገብ ጻፊ። ግሪኮች ፊደላቸውን ለቁጥርም ይጠቀሙበት ነበር፤ አልፋ አንድ፣ ዮታ አሥር፣ ሮ መቶ ነው። የግዕዝ ቁጥሮቻችን የመጡት ከእነዚያ ፊደላት ነው። በእጅ ሲገለበጡ ዘመናት ስላለፉባቸው አንዳንዶቹ ብዙ ተለውጠዋል፤ ልጆቹ «ይሄኛው አይመስልም» ብለው ቢሟገቱሽ ደስ ይበልሽ። ልጁ ያየው የቀን መቁጠሪያ ሁሉ፣ አያቱ የሚደግሙበት ዳዊት ሁሉ ላይ ያሉት ቁጥሮች ናቸውና ለጊዜው ዝም የሚያሰኝ መልስ ይሆንለታል።

ረጅሙ ክፍል በንግግር የሚሰጥ አይደለም። ከብዙ ጥንታዊ መንግሥታት በአብዛኛው የደረሰን የነገሥታቱ ድልና ውዳሴ ነው። አቴንሶችና ሮማውያን ግን ጭቅጭቃቸውንም ጽፈው ትተዋል፤ ማን ምን ብሎ ተከራከረ፣ ማን በጥቂት ድምፅ ተሸነፈ፣ ማን በማግስቱ ተጸጸተ። የ9ኛ ክፍል ተማሪን የሚያነቃው ይህ ነው። ስለዚህ የዓመታቱን ዝርዝር ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊና ልጆቹን አንድ ክርክር መሃል አስገቢያቸው፤ መጨረሻውን ሳትነግሪያቸው።

የትኛው ክርክር ብትዪኝ፣ እኔ የሚቲሊንን እመርጣለሁ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈጃል። ዓመቱ 427 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው። አቴንስና ስፓርታ ጦርነት ከጀመሩ አራት ዓመት አልፏቸዋል። በሌስቦስ ደሴት ላይ ያለችው ሚቲሊን የአቴንስ አጋር ሆና ሳለ ከድታ ወደ ስፓርታ ልትዞር ሞከረች፤ ተከበበች፣ ተራበች፣ በመጨረሻም እጅ ሰጠች። የአቴንስ ዜጎች ፕኒክስ በተባለው ኮረብታ ላይ ተሰብስበው በቁጣ ወሰኑ፦ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንዶች በሙሉ ይገደሉ፤ ሴቶችና ሕፃናት ባሪያ ይሁኑ። ትእዛዙን የያዘች መርከብ ወዲያው ተነሣች። ሲነጋ ግን ብዙዎቹ በጥፋተኞቹ ፋንታ ከተማ ሙሉ ሕዝብ መፍጀት ከበዳቸው፤ ጉባኤው እንደገና ተጠራ።

እዚህ ላይ መጽሐፉ ይዘጋ። «መርከቧ ሄዳለች፤ እናንተ ጉባኤው ላይ ናችሁ፤ ምን ትወስናላችሁ?» በያቸው።

ሁለት ጎበዝ ተናጋሪዎችን ምረጪ። አንዱ ቅጣቱ ይጽና ያለውን ክሌዎንን ይሁን። የክሌዎን ክርክር ጠንካራ ስለሆነ አታዳክሚበት፦ ትናንት የወሰነውን ዛሬ የሚያፈርስ ጉባኤ ማንም አይፈራውም፤ የማይለወጥ መጥፎ ሕግ ከማይጸና ጥሩ ሕግ ይሻላል፤ ከሃዲ ካልተቀጣ ነገ ሌላው አጋር ይከዳል። ሌላው ግድያውን የተቃወመውን ዲዮዶቶስን ይሁን። ተማሪዎችሽ ዲዮዶቶስ ስለ ምሕረት የሚናገር ይመስላቸዋል፤ እርሱ ግን «እኔ ልራራላቸው አላልኩም» ባይ ነው። የሚከራከረው ስለ ጥቅም ነው። ችኮላና ቁጣ የመልካም ምክር ጠላቶች ናቸው ይላል፤ የሞት ቅጣት ሰውን ከጥፋት አግዶ አያውቅም ይላል። ደግሞም እጅ የሰጠም ያልሰጠም እኩል የሚገደል ከሆነ፣ ከእንግዲህ የሚያምፅ ከተማ ሁሉ እስከ መጨረሻው ይዋጋል፤ ከተማዋን አሳልፎ የሰጠን ተራውን ሕዝብ ብንገድል በየከተማው ያሉ ወዳጆቻችንን እናጣለን። እነዚህን ነጥቦች በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ ለእያንዳንዳቸው ከአንድ ቀን በፊት ስጫቸው። የቀሩት በየቡድናቸው ሆነው ጥያቄ ያዘጋጁ።

ቋንቋውን በሚመለከት፣ ክርክሩ በሚግባቡበት ቋንቋ ይሁን። በእንግሊዝኛ ተከራከሩ ካልሻቸው የሚናገሩት ሦስት ልጆች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ያው ሁልጊዜ የሚናገሩት ናቸው። ከክርክሩ በኋላ ግን እያንዳንዱ ተማሪ የመረጠውን ወገንና ምክንያቱን በአምስት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። የሚለው ነገር ያለው ልጅ ቃሉን ከመዝገበ ቃላትም ከጓደኛውም ፈልጎ ያገኘዋል። ሱፐርቫይዘር ቢመጣብሽ የምታሳዪውም ያንን ደብተር ነው።

ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት ዕጣ አውጪ። ከስድስት ልጆች አንዱ ብቻ ዜጋ ይሁን፤ የቀሩት ይስሙ እንጂ እጅ እንዳያወጡ። አንዳንድ መምህራን በዚህ ቦታ የአቴንስን ሕግ ለማሳየት ሴቶቹን ዝም ያሰኛሉ። እኔ አልመክርሽም፤ ሴት ተማሪዎቻችን ዝም የሚሉበት ክፍለ ጊዜ ድሮም አልጎደላቸውም። ዕጣው ያው ቁጭት ይፈጥርላቸዋል። ከዚያ በኋላ ንገሪያቸው፦ በእውነተኛዋ አቴንስ ሴት ሁሉ፣ ባሪያ ሁሉ፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሚኖር ሁሉ ከጉባኤው ውጭ ነበር። ከተማዋ በ480 ሳላሚስ ላይ ፋርሶችን ያሸነፈችባቸው መርከቦች የተሠሩት ከላውሪዮን ማዕድን በወጣ ብር ነው፤ ብሩን የሚቆፍሩት ደግሞ ባሪያዎች ነበሩ። ዲሞክራሲውን ለማድነቅም ለመንቀፍም ይህን ማወቅ ግድ ነው።

አሁን ውጤቱን ንገሪያቸው። እጅ ሲወጣ ሁለቱ ወገኖች ለጥቂት እኩል ሊሆኑ ነበር፤ ዲዮዶቶስ በጥቂት ብልጫ አሸነፈ። ሁለተኛ መርከብ ተላከች፤ የፊተኛዋ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያህል ቀድማታለች፤ ርቀቱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሚቲሊን መልእክተኞች ለቀዛፊዎቹ የወይን ጠጅና የገብስ ዱቄት አቀረቡ፣ ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ብዙ እንሸልማችኋለን አሉ። ቀዛፊዎቹ በወይንና በዘይት የተለወሰውን ዱቄት እየቀዘፉ በሉ፣ በየተራ ተኙ። የፊተኛዋ መርከብ ሰዎች ደግሞ ለክፉ ሥራ ስለተላኩ አልቸኮሉም ነበር። ሁለተኛዋ የደረሰችው የጦር አዛዡ ትእዛዙን አንብቦ ሊፈጽም ሲል ነው።

ልጆቹ ያጨበጭባሉ። አጨብጭበው እንዲወጡ ግን አትፍቀጂላቸው። የአመፁ መሪዎች የተባሉት ተገድለዋል፤ የታሪክ ጸሐፊው ቱኪዲደስ ቁጥራቸው ከ1,000 ይበልጥ ነበር ብሎ ጽፏል። የከተማዋ ቅጥር ፈርሷል፤ መሬቱ ተከፋፍሎ ለአቴንስ ሰዎች ተሰጥቷል። ከ11 ዓመት በኋላ ደግሞ በ416 ያቺው አቴንስ ሜሎስ የተባለችውን ትንሽ ደሴት ወግታ ያገኘቻቸውን ወንዶች ገደለች፣ ሴቶቹንና ሕፃናቱን ባሪያ አደረገች። ያን ጊዜ ሁለተኛ መርከብ አልተላከም። ለምን ይመስላችኋል ብለሽ ጠይቂና መልስ ሳትሰጪ ውጪ።

በማግስቱ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ካልተነሣ አንቺ አንሺው። ክሌዎንና ዲዮዶቶስ የተናገሩትን ማን ሰምቶ ጻፈው? ጸሐፊው ቱኪዲደስ የዘመኑ ሰው፣ አቴንሳዊ፣ በኋላም በጦር አዛዥነቱ ሳይቀናው ቀርቶ ከአገሩ የተሰደደ ነው። ንግግሮቹን ቃል በቃል መያዝ ከባድ እንደነበር፣ ስለዚህ ከተባለው ፍሬ ነገር ሳይርቅ ለጊዜው የሚገባ መስሎ የታየውን እንዳስነገራቸው ራሱ ገልጾ ጽፏል። ይህ ለታሪክ ተማሪ ወርቅ ነው። ምንጩ ስለ ራሱ ይህን ያህል ሲነግረን ምን ያህሉን እንመን? እዚህ ላይ ክፍሉ ለሁለት ቢከፈልልሽ የምዕራፉን ግማሽ አስተምረሻል ማለት ነው።

ስለ ማስረጃ ካነሣን አይቀር፣ የተሰበረ እንስራ ወይም ጀበና ከየቤቱ አያጣምና ልጆቹን ገል አምጡ በያቸው። የአቴንስ ዜጎች በዓመት አንድ ጊዜ ለከተማዋ ያሰጋል ያሉትን ፖለቲከኛ ስሙን በገል ላይ ጭረው ለ10 ዓመት ከአገር ያስወጡ ነበር፤ ለዚህ 6,000 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ግሪካዊው የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ፕሉታርክ ስለ አቴንሱ ፖለቲከኛ ስለ አሪስቲደስ የጻፈውን ንገሪያቸው። አንድ ማንበብና መጻፍ የማይችል ገበሬ ማን እንደሆነ ሳያውቀው ወደ ራሱ ወደ አሪስቲደስ ቀርቦ «እስቲ አሪስቲደስ ብለህ ጻፍልኝ» ይለዋል። «ምን በደለህ?» ቢለው «ምንም፤ ሰውየውን አላውቀውም። ‹ጻድቁ፣ ጻድቁ› ሲባል መስማት ሰለቸኝ» ይላል። አሪስቲደስም ስሙን ጽፎ ሰጠው ይባላል።

ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ግን ፕሉታርክ የጻፈው ነገሩ ተፈጸመ ከተባለበት ከ482 ቅድመ ልደት ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን አፍ የሌለው ምስክር አቅርቢላቸው። በአክሮፖሊስ ሰሜናዊ ተረተር ባለ አንድ ጉድጓድ ውስጥ የሌላው የአቴንስ ፖለቲከኛ የቴሚስቶክሊስ ስም የተጻፈባቸው ወደ 190 የሚሆኑ ገሎች ተገኝተዋል፤ የእጅ ጽሕፈቱ ሲመረመር የጻፏቸው 14 ያህል ሰዎች ብቻ ናቸው። ከዚህ ምን ትረዳላችሁ? ጠላቶቹ አስቀድመው አዘጋጅተው ሊያድሉ ነበር? ወይስ መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች የቀረበ አገልግሎት ነው? በወረዳ ከተማ ያደገ ልጅ ይህን ጥያቄ ሳያስተምሩት ያውቀዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልስጥሽ፤ ገሉ ላይ የክፍል ጓደኛቸውን ስም እንዳይጽፉ። ለቀልድ ተጀምሮ የሚያስለቅስ ነገር ነው። የቴሚስቶክሊስንና የአሪስቲደስን ስም ይጻፉ።

ስፓርታን፣ የፋርስን ጦርነት፣ እስክንድርን በአንድ ክፍለ ጊዜ አሳልፊያቸው። ይበቃቸዋል። አቴንሶች ፋርሶችን ካሸነፉበት ከማራቶን ጦርነት ይልቅ ሚቲሊን ለምን ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ ማራቶን ላይ ተማሪው የሚያደርገው ነገር የለም፤ ማጨብጨብ ብቻ ነው።

ሮምን ከሮሙሉስና ከተኩላዋ አትጀምሪ። ከመሬት ጀምሪ። የተማሪዎችሽ ወላጆች አብዛኞቹ ገበሬዎች ከሆኑ ስለ መሬት ከአንቺም ከእኔም የተሻለ ያውቃሉ። በሁለተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሮም ካርታጎንንም ግሪክንም አሸንፋ ሀብት ወደ ኢጣሊያ ጎረፈ። በየጦርነቱ የዘመተው ባለ ትንሽ ማሳ ገበሬ ግን ሲመለስ እርሻው ጠፍቶ፣ ዕዳ ተቆልሎ፣ ጎረቤቱ ባለጸጋ በባሪያ ጉልበት የሕዝቡን መሬት ይዞ ሲያርስ ያገኘዋል። በ133 የተራው ሕዝብ ወኪል ሆኖ የተመረጠው ጢባርዮስ ግራኩስ ማንም ከመንግሥት መሬት ከ500 ዩጌራ፣ በእኛ ከ125 ሄክታር ገደማ በላይ እንዳይዝና ትርፉ ለድሆች እንዲከፋፈል ሕግ አቀረበ። ፕሉታርክ በአፉ ያስቀመጠለትን ንግግር አንብቢላቸው፤ የኢጣሊያ አራዊት እንኳ ዋሻና ጎሬ አላቸው፤ ለኢጣሊያ የሚዋጉና የሚሞቱ ሰዎች ግን ከአየርና ከብርሃን በቀር የእኔ የሚሉት የላቸውም። ከአያቶቻቸው በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ መውጣታቸውን የሰማ ልጅ ካለ ይህ ንግግር እንግዳ አይሆንበትም።

ታሪኩ ግን ከዚህ በኋላ ነው የሚወሳሰበው። ኦክታቪዮስ የተባለው ሌላው የሕዝብ ወኪል በሥልጣኑ ሕጉን አገደ፤ ማገድ ሙሉ መብቱ ነበር። ጢባርዮስ ሕዝቡን ጠርቶ ኦክታቪዮስን በድምፅ ከሥልጣን አስወረደው፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ተደርጎ አያውቅም። ቀጥሎም ለሚቀጥለው ዓመት እንደገና ለመመረጥ ተነሣ። ያን ጊዜ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሰዎች የተሰበረ የወንበር እግርና ዱላ ይዘው ወጡና እርሱንና ከ300 የሚበልጡ ተከታዮቹን ደብድበው ገደሉ፤ ሬሳቸው ወደ ቲበር ወንዝ ተጣለ። አሁን ጥያቄሽን ጠይቂ፦ ሕጉን መጀመሪያ የጣሰው ማን ነው? ልጆቹ ስለ ዓላማው ከጢባርዮስ ጋር ይቆማሉ፤ ስለ መንገዱ ሲጠየቁ ግን ይለያያሉ። ክርክሩ ወደ ዛሬ ፖለቲካ ቢንሸራተት አትደንግጪ፤ አትከተይውም። «እኛ ያለነው 133 ላይ ነው» በዪና መልሻቸው። የሚያስቡትን ያስባሉ፤ ክፍልሽ ግን ሰላም ይውላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በዚህ ክር ላይ ይገባልሻል። ታናሽ ወንድሙ ጋይዮስ በ121 ሞተ። የጦር አዛዦች ለአገሩ ሳይሆን ለእነርሱ የሚታመን ሠራዊት አበጁ። ባሪያው ስፓርታከስ ከ73 እስከ 71 አመፀ፤ የተማረኩት 6,000 ባሪያዎች ከካፑዋ እስከ ሮም ባለው መንገድ ዳር ተሰቀሉ። ጁልየስ ቄሳር በ49 ሠራዊቱን ይዞ የሩቢኮንን ወንዝ ተሻገረ፣ በ44 ተገደለ፤ አውግስጦስ በ27 ሁሉን ጠቀለለ። ከጢባርዮስ ሞት እስከ አውግስጦስ 106 ዓመት ነው። ተማሪው «ሪፐብሊኩ ለምን ወደቀ?» የሚለውን የፈተና ጥያቄ ከዚህ ተነሥቶ ይመልሰዋል፤ የአንቺን ማስታወሻ ሳይገለብጥ።

ወደ አክሱም የምትሻገሪው አሁን ነው። ከልደተ ክርስቶስ በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ከግብፅ የተነሣ አንድ በግሪክኛ የሚጽፍ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ መጥቶ ነበር። ዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ቅርፊትና የአውራሪስ ቀንድ ይወጣል፤ ጨርቅ፣ የመስታወት ዕቃ፣ ብረት፣ ጥቂት የወይን ጠጅና የወይራ ዘይት ይገባል ይላል። የአካባቢውን ገዥ ዞስካለስን ቆንቋና፣ ግን ደግ ሰውና የግሪክኛ ጽሑፍ የሚያውቅ አድርጎ ገልጾታል። በገንዘብ የተከራከረው ነጋዴ ካልሆነ በቀር ንጉሥን ቆንቋና ብሎ ማን ይጽፋል?

የዒዛናን ድንጋይ ደግሞ ለሁለት ቡድን አካፍዪው። ንጉሡ በቤጃዎች ላይ ያደረገውን ዘመቻ በግዕዝ ቋንቋ በግዕዝና በሳባ ፊደል፣ እንዲሁም በግሪክኛ አስቀርጿል። በግዕዙ ራሱን የአክሱሞች አምላክ የማሕረም ልጅ ይላል፤ በግሪክኛው የአሬስ፣ የግሪኮቹ የጦርነት አምላክ ልጅ ይላል። ለምን? ለማን እየተናገረ ነው? ሚቲሊን ላይ «ማን ጻፈው?» ብሎ መጠየቅ የለመደ ልጅ እዚህ ብቻውን ይሄዳል። ጨርሰው ሲከራከሩ አንድ የመጨረሻ ሰነድ ጨምሪላቸው። በ356 ገደማ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቁስጠንጢዮስ ለዒዛናና ለወንድሙ ለሣይዛና ደብዳቤ ልኮ፣ ጳጳሳቸው ፍሬምናጦስ ትምህርቱ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ እንዲመለስ ጠይቋቸዋል። ፍሬምናጦስን የሾመው የንጉሠ ነገሥቱ ባላንጣ አትናቴዎስ ነበር፤ ደብዳቤውን ለእኛ ያቆየልን ራሱ አትናቴዎስ ነው። ቁስጠንጢዮስ የአክሱም ነገሥታትን ወንድሞቼ ይላቸዋል። እንዲህ የሚጻፈው ትእዛዝ ለማይሰማ ሰው ነው።

ስለ ዓመታቱ፣ በምዕራፉ መጀመሪያ ከክፍሉ ግድግዳ ጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ ዘርግተሽ ከ500 ቅድመ ልደት እስከ 500 ድረስ በወረቀት አንጠልጥዪበት። ወደ ኋላ መቁጠሩ የሚገባቸው በዓይናቸው ሲያዩት ነው፤ 490 ከ480 እንደሚቀድም ስንት ጊዜ ብትነግሪያቸው አይያዝም። በዚህ ምዕራፍ ሁሉ የአውሮፓውያንን አቆጣጠር እንደምትጠቀሚ አንድ ጊዜ ንገሪያቸውና አትቀላቅዪ፤ የ7 እና የ8 ዓመቱ ልዩነት እዚህ ጥቅም የለውም፣ ያደናግራል እንጂ። ለፈተናው ሲባል ግማሽ ክፍለ ጊዜ ስሞችንና ዓመታትን ብቻ አስጠኚያቸው። ግማሽ ክፍለ ጊዜ ሲበዛ ነው።

የትምህርት ክፍል ኃላፊውን በቃል አታስረጂው፤ በወረቀት ሂጂበት። ለሚቲሊን ሁለት፣ ለገሉ አንድ፣ ለቀረው ግሪክ አንድ፣ ለሮም ሁለት፣ ለአክሱም ድልድይ አንድ፣ በድምሩ ሰባት ክፍለ ጊዜ ብለሽ የዕቅዱን ቅጽ ሙዪና አስፈርሚው። በዕቅዱ ላይ «የተማሪ ተኮር ክርክርና የጽሑፍ ልምምድ በእንግሊዝኛ» የሚል መስመር ይኑርበት፤ ውሸት አይደለም፣ እርሱም ለበላዮቹ የሚያሳየው ነገር ያገኛል። ከዚያ በላይ ቢጎትትሽ ከሮም አንዱን ቀንሺ፤ ከሚቲሊን ግን አንድ ደቂቃ አትስጪው።